የቅሬው ጥሩምባ ሐረጎን አይወርድም

የውይይት ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች የምንገናኝበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ጻፍኩት። ነገሩ አጭር ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ጓዴ ደሴ ሞተ። እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። በመሃላችን ያለው የሐረጎ ዳገት ብቻ ነው፤ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር። መሞቱን የሰማሁት በአምስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ለሌላ ጉዳይ ከደወልኩለት ሰው። የአርባ ዓመት ጓደኛዬን አንድ እፍኝ አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ።

ከዚያ ጥያቄዬን አስከተልኩ። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ሲያርፍ የፋሲካ ዕለት ነበር። የዶሮው ድስት ሳይታጠብ ወሬው እኛ ሰፈር ደረሰ። ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ሲሞት ዘፈኑን ሰምቶ የማያውቅ የጎረቤቴ ልጅ ሳይቀር ፎቶውን ለጠፈ። ማዲንጎ አፈወርቅ ያረፈ ጊዜ ባጃጁ ሁሉ የእሱን ዘፈን ከፍቶ ነበር የሚሄደው። የታዋቂ ሰው ሞት በራሱ እግር ይመጣል። ጓዴን ግን የቅሬው፣ ማለት የሰፈሩ ቀባሪ ማኅበር፣ ጥሩምባ ነው ያወጀው፤ የቅሬው ጥሩምባ ደግሞ ሐረጎን አይወርድም። ታዲያ የጓደኛን ሞት ለጓደኛ የሚያረዳው ማነው? ማንም የማያውቀውን ሰውስ እንዴት ነው የምናስታውሰው? እንዲህ ብዬ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ዘጠኝ መልስ ጠበቀኝ።

1ኛው አንድ ቃል ነው። ወሎ ያደገ ሁሉ የሚያውቃት፤ አብሽር። ከዚያ በላይ አልጻፈም። ሌላውን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የተመለስኩት ወደዚችው ነው።

2ኛው ጨዋ ሰው ነው። ስለማላውቀው ሰው ሐዘን ደረሰኝ አለና የሟቹን ሥራ ጠየቀ። 3ኛው አራሚ ነው። በየክሩ አንድ አለ መቼም። ማዲንጎ የሞተው የደመራ ዕለት ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ሰውዬው ደመራ መስከረም 16 ማታ እንደሚለኮስ፣ ማዲንጎ ግን መስከረም 17 ቀን 2015፣ በራሱ በመስቀል ዕለት እንዳረፈ አስታወሰኝ። ልክ ነው። አስተካክያለሁ። በጨዋ ቃል ነበር ያረመኝ፤ ኋላ ላይ የመጡት እንደሱ ቢሆኑ ምን ነበረበት።

4ኛዋን ቆም ብዬ አነበብኳት። ጅዳ የምትኖር የደሴ ልጅ ናት። በሷ አባባል ጥያቄዬ ከመነሻው ጠማማ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። እናቷ የሞቱ ጊዜ ቤተሰቡ ሦስት ሳምንት ደብቋታል። በየቀኑ ትደውላለች፤ እናቷ ተኝተዋል፣ ገበያ ሄደዋል፣ ለቅሶ ሄደዋል ይሏታል። በመጨረሻ እዚያው ጅዳ ያሉ አምስት የሰፈር ልጆች ጎህ ሳይቀድ በሯን አንኳኩ። አምስት ሰው አንድ ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ነጠላና ሻሽ አዘቅዝቆ ሲቆም ሌላ ምን ይሆናል? አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የገባት። ያኔ በጣም ተናዳ ነበር። አሁን ግን ብቻዋን፣ ሥራ ላይ፣ በስልክ ሰምታው ቢሆን ምን ትሆን እንደነበር ስታስብ ታመሰግናቸዋለች። ለእኔ ማንም ጎህ ሳይቀድ አልመጣም። እሷ ግን ይህን ልትነግረኝ አልነበረም የጻፈችው፤ የራሷን ለማውራት ነው። ደግ አደረገች።

5ኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ይመስሉኛል። ሦስቱ ቀን ቢያልፍም የሐዘን ቤት በር እንደማይዘጋ፣ አሁኑኑ ተነስቼ እንድሄድ መከሩኝ። እዚህ ላይ ማብራሪያ ሊኖር ይገባል። ጓዴ ሙስሊም ነው። ጠዋት ሞቶ ከዙሁር በኋላ ተቀብሯል። እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ፤ በሰልስትና በአርባ የምቆጥር። ቀብሩ እንደዚያ የሚፈጥን መሆኑን አርባ ዓመት እያወቅኩ ረስቼው ነበር።

6ኛው አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው። ቅሬ ምን እንደሆነ ጠየቀ። 7ኛው እድር ማለት እንደሆነ መለሰለት። 8ኛው ግን ይህ አልበቃውም። እድር በወር መዋጮ የሚታሰብ ነገር ሆኗል፤ ቅሬ የሰፈር ሰው ሁሉ፣ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ አብሮ የሚቀብርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ቀብር የቀረ የሚቀጣበት ነው ብሎ ረዘም ያለ ነገር ጻፈ። እድሩን ትንሽ በድሎታል። ስለ ቅሬው ግን እውነቱን ነው።

9ኛው ነከሰኝ። ጥሩምባውን ምን አደረገህ ነው ነገሩ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው በቁሙ ስንቴ እንደጠየቅኩት ቆጥሬ እንድናገር ጠየቀ። የታዋቂ ሰው ፎቶ ለጠፉ ብዬ የጎረቤቴን ልጅ ከመክሰሴ በፊት የራሴን ስልክ ከፍቼ እንዳይ ነገረኝ። ከፈትኩት። በመጨረሻ የተደዋወልነው መስከረም ላይ ነው። እሱ ነው የደወለው። 10ኛውን መልስ እኔ ጻፍኩ፤ ይህንኑ አመንኩ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ለመንከስ ብቻ የመጣ ነበር፤ ግን የነከሰው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

ከ11 እስከ 13 ወሬው መንገድ ላይ ወጣ። አንዱ ስለ ሐረጎ ጭጋግ፣ ሌላው ማታ ስለሚጨምረው የሚኒባስ ዋጋ፣ ሦስተኛው ቦርከናን ተከትሎ ስለሚወርዱ ከባድ መኪኖች ፍሬን። የመድረክ ነገር እንዲህ ነው። ሰው ሞቷል ስትል ታሪፍ ይነግሩሃል።

14ኛው ግን አወቀው። 10ኛው መልሴ ላይ ለ2ኛው ሰው ጥያቄ የጓዴን ሥራ ጽፌ ነበር፤ ፒያሳ ላይ ካሴት ቤት ነበረው። 14ኛው ወዲያው ምልክት ሰጠ። መደርደሪያው በዘፋኝ ስም ሳይሆን በቅኝት የተደረደረበት ቤት አይደለም ወይ አለ። እሱ ነው! ከግራ ባቲ፣ ቀጥሎ አምባሰል፣ መሃል ላይ ትዝታ፣ ከበሩ አጠገብ አንቺ ሆዬ። ጥላሁንን የፈለገ ሰው አራቱም ቦታ መፈለግ ነበረበት። ቅኝት የማይለይ ደንበኛ ያለሱ ምንም አያገኝም። ይህን ዘዴ ሌባ መከላከያ ነው ይል ነበር።

ለማያውቁት ልንገር። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እኔ ጨረስኩ፤ እሱ አልጨረሰም። በ1978 ቤቱን ከፈተ። ሁለት የካሴት ዴክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲገለብጥ ይውላል። ባዶ ካሴት ሲያስመርጥህ ሁሌ የሚመክርህ የስልሳ ደቂቃውን ነው። የዘጠናው ክር ቀጭን ነው፤ ቴፑ ይበላዋል። ሰው ግን ብዙ ዘፈን የሚይዘውን ይወዳል፤ ዘጠናውን ይገዛል። እሱም እያጉረመረመ ይገለብጣል። በረመዳን ከቤቱ በር መንዙማ ይሰማል። በሁዳዴ ዘፈኑ ዝቅ ብሎ መዝሙር ይከፈታል። ማንም አዞት አይደለም። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ። ቤቱ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆነ። ዋና ቅጂዎቹን በካርቶን አድርጎ ቤቱ አስገብቷቸው ነበር። በ2014 ጥቅምት ላይ ከተማዋ በጦርነት ስትያዝ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ካርቶኖቹ አልነበሩም። ካሴት ለሌባ ምን ያደርግለታል ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲገረም ከረመ። ስለ ቴሌቪዥኑ አንድ ቃል አልተናገረም።

የቅኝቱ ነገር ሲነሳ ደግሞ ሰው ነቃ። 15ኛው አራቱም ቅኝቶች የወሎ ናቸው ብሎ ደመደመ። 16ኛው አልተስማማም፤ የወሎ አገር ስም የያዙት ባቲና አምባሰል ናቸው፣ ትዝታና አንቺ ሆዬ በየትም አገር ስም አልተጠሩም አለ። 17ኛው ሰው ተቆጣ። ወሎን የሚያሳንስ ሰው መድረኩ ላይ ምን ይሠራል እስከማለት ደረሰ። በዚያ መሃል አንዲት በሕይወት ያለች የወሎ ድምጻዊትን ነፍሷን ይማር ብሎ አረፈው። 18ኛው ሰው ሴትዮዋ በሕይወት መኖሯን፣ ሰው ከመግደል በፊት ማጣራት እንደሚሻል ነገረው። እዚህ ጋ ሳቅኩ። ጥር ካለፈ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጓዴ ይህን ክርክር ቢያይ ሱቁን ዘግቶ ይመጣ ነበር።

19ኛዋ እህታችን የኮምቦልቻ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ስትሠራ፣ በደመወዟ ቀን ደሴ ወጥታ ከጓዴ ቤት ካሴት ታስገለብጥ ነበር። አንዱ እስካሁን አላት። አዳምጣው ግን ዓመታት አልፏል። የምታስታውሰው ከዘፈኖቹ ይልቅ መጨረሻውን ነው። ዘፈኑ አልቆ ክሩ ሲተርፍ የባለ ሱቁ ድምፅ ይመጣል። ቀኑን ይናገራል፣ ጦሳ ላይ ጭጋግ መኖሩን ይናገራል፣ ካሴቱ ለማን እንደተገለበጠ ይናገራል፣ ዕዳ ካለብህ ዕዳህን ይናገራል።

ይህን ረስቼዋለሁ። እንዴት ረሳሁት? ባዶ ክር ሲንሿሿ መስማት አይወድም ነበር። አንድ የዘፈን ሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስልሳው ላይ ልክክ ይላል። ዘጠናው ላይ ግን በየገጹ ሩብ ሰዓት ያህል ይተርፋል። እዚያ ላይ ነው የሚያወራው። አትግዙ እያለ በሚለምናቸው ካሴቶች ላይ ብቻ ነው ድምፁ ያለው።

ክሩ በዚህ ቢቀጥል ጥሩ ነበር። 20ኛው ሰው ግን ሟች በዘፈን መነሳቱ እንዳስከፋው ጻፈ። ለሱ የሚጠቅመው ዱዓና ሰደቃ እንጂ የካሴት ወሬ አይደለም። በቅንነት ነው የጻፈው፤ ቃሉ ግን ሻካራ ነበር። 21ኛው የረመዳኑን መንዙማ አስታውሶ፣ ሰውዬው ወሎን በቅጡ እንደማያውቅ አድርጎ መለሰለት። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ። ሰደቃም ይውጣ፣ ካሴቱም ይሰማ።

22ኛው ሊያስታርቅ ብሎ ነው መሰለኝ የደሴ ሰው ሊያስታውሳቸው የሚገባ ታዋቂ ሰዎችን ዘረዘረ። ንጉሥ ሚካኤልን ከነአይጠየፍ አዳራሻቸው አነሳ፤ ስሙ ሁሉም ሳይጠየፍ አብሮ የሚበላበት ማለት ነው። ልጅ ኢያሱን አነሳ። አምባሰል የተወለዱትን እቴጌ መነንንና የትምህርት ቤታችን ስም የሆኑትን እናታቸውን ወይዘሮ ስሂንን አነሳ። በመጨረሻ ዋለልኝ መኮንንን ጨመረ፤ የወይዘሮ ስሂን ተማሪ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከማርታ መብራቱ ጋር የተገደለ። ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅትም። 23ኛውና 24ኛው አሁን መድረኩ ላይ የሉም፤ አወያዩ አጥፍቷቸዋል። እኔ ሳይጠፉ አንብቤያቸዋለሁ። አንደኛው ዋለልኝን ነቢይ አድርጎት ነበር፤ ሌላኛው የአገሩ መከራ ሁሉ ምንጭ። ሁለቱም የጓዴን ነገር ረስተውታል። ታዋቂ መሆን እንዲህም ነው ለካ፤ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሳያስቀምጡህ።

25ኛው መልስ ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1965 እና በ1966 ወጣት ነበሩ። ከየገጠሩ የወጣው ረሃብተኛ በመንገዱ ዳር ወደ ደሴ ሲመጣ አይተዋል። መንግሥት ነገሩን ሊሸፍን ሲሞክር እነሱ ይቀብሩ ነበር። የሚቀብሩትን ሰው ስም የሚያውቅ የለም። ቅሬ የለው፣ ጥሩምባ የለው። ዛሬም ሐይቅ መንገድ ላይ ሲያልፉ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከታዋቂዎቹ የሚያስታውሱት አንድ ሰው ነው፤ መስከረም 19 ቀን 2013 ያረፉትን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን። በፖለቲካቸው አይደለም። ረሃብን እንደ ጂኦግራፊ ባለሙያ ቁጭ ብለው ስላጠኑና ስለጻፉ ነው። ለእኔም አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ጓዴ ስሙን በሚያውቁ ሰዎች መቀበሩን አትናቅ የሚል መልእክት ነው፤ ተግሣጽ ይሁን ማጽናኛ አልለየሁም።

26ኛው ልብ ብቻ ለጠፈ። በመድረኩ ደንብ ልብም ቁጥር ያገኛል።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሥራ ገባ። 27ኛው ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖር ልጅ ነው። የአባቱ ጂፓስ ቴፕ አሁንም ይሠራል፤ ካሴቱን እኅታችን ታምጣው፣ እኔ ቴፑን አቀርባለሁ አለ። 28ኛው የሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ የነበረ ሰው ነው፤ በአንድ ጊዜ ትእዛዝ አወረደ። እንዳትከፍቱት። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ ዳር እስከ ዳር ማጠንጠን ነው። ክሩን ሄዱ፣ ማለት ድምፁን የሚያነበው የቴፑ ክፍል፣ ላይ የምትገፋው ትንሿ ስፖንጅ መውደቅ አለመውደቋን ማየት ነው። የቴፑን ሄድ በጥጥና በአልኮል መጥረግ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ በሌላ ዋጋ በሌለው ካሴት መሞከር ነው። 29ኛው ከጀርባው ያሉት ሁለት ጥርሶች ካልተሰበሩ በስህተት ሪከርድ ተነክቶ ሁሉም ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቀ። 30ኛው ቴፑ እየተጫወተ በሞባይል ይቀዳ አለ። 31ኛው ሞባይሉ የክፍሉን ድምፅ ሁሉ ይቀዳል፣ በገመድ ነው መሆን ያለበት አለ። አንድ ገጽ ሙሉ በገመድ ተጨቃጨቁ። 32ኛው ጨረታ ያወጣን አስመስሎ ቀለደ። እኔ ግን እያንዳንዷን መስመር አነበብኩ።

33ኛው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ገባ። የጓዴ ልጅ ነው። መድረኩ ላይ መኖሩን አላወቅኩም ነበር። ጋሼ ብሎ ነው የጀመረው። አባቱ በሞተ ጠዋት ሊያረዳኝ ሞክሯል። የአባቱ ስልክ በቁጥር ተቆልፎ ስለነበር ሊከፍተው አልቻለም። ስለዚህ የሱቁን የዕዳ ደብተር አወጣ። ስሜ አለ። ከስሜ አጠገብ ስልክ አለ፤ በዚያ ዘመን እሠራበት የነበረው ቢሮ፣ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር። ደወለበት። የሚጠራ ነገር አልነበረም። ደብተሩ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ቁጥሮች እንደዚያው ነበሩ። ይቅርታ ጠየቀኝ።

እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ። እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ቡና ጠጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ለልጁ ስልኬን አልሰጠሁትም። ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል? ደግሞ ሲጨርስ፣ እንደ አባቱ፣ ዕዳውን አልተወም። ደብተሩ ላይ የ1984 ሁለት ባዶ ካሴት አለብኝ። አልተሰረዘም።

34ኛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንደምወጣ ጻፍኩ። የሁለቱን ካሴት ዕዳ ይዤ። 35ኛው ቡናና ስኳር እንዳልረሳ አሳሰበኝ። 36ኛዋ የጅዳዋ ልጅ ናት፤ ድምፁ ከተቀዳ እንዲላክላት ለመነች። ሰውዬውን አታውቀውም። የሷም እናት ፒያሳ ካሴት ያስገለብጡ ነበርና ምናልባት አንዱ ላይ ስማቸው ይጠራ እንደሆነ ብላ ነው። 37ኛዋ ባለ ካሴቷ፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ መናኸሪያ እንደምትጠብቀኝ አረጋገጠች። ካሴቱን በሻርፕ ጠቅልላ ነው የምታመጣው።

38ኛው ያ ጠጋኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ካሴቱ ስልሳ ነው ወይስ ዘጠና?

ዘጠና እንደሆነ መለሰችለት።